ስንቅህን ማን ያመጣል?

ክፍሉ ውስጥ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ሰው ሳይሆን ጽሑፍ ነበር። ከበሩ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ የሰባቱ ቀናት ስም በከሰል ተደርድሮ፣ ከየቀኑ ጎን ምግብ ከየት እንደሚመጣ ተጽፏል። ሰኞ፣ የጫማ ተራ ነጋዴዎች። ማክሰኞ፣ ከመስጊዱ ጀርባ ያሉት። ረቡዕ፣ የጸሎት ቤት እናቶች። እንዲህ እንዲህ እያለ እሑድ ላይ «ሰንበቴ» ብሎ ያበቃል። የማንበብ ሱስ ስላለብኝ ቆሜ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። እኔ ከሰባቱ ቀን በየትኛው እንደምበላ ግን አልጠየቅኩም።

የያዙኝ ጎባ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ወረፋ ይዤ ቆሜ ሳለሁ ነው። ዕለቱ ዓርብ፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ። ሁለት ትሑት ወጣቶች «መምህር፣ ለአምስት ደቂቃ ይፈለጋሉ» አሉኝ። ስለ ማዳበሪያ ወረፋ የጻፍኩት መጣጥፍ አንዳንድ ወንበሮችን እንደቆረቆረ ሰምቼ ስለነበር አልተገረምኩም። ከጎባ ሮቤ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ የዚያን ቀን ግን የስንዴ አጨዳ ወቅት ስለነበረ አንድ ኮምባይነር መንገዱን ሞልቶ ከፊታችን ይዘግም ነበር። ሹፌሩ ክላክሱን ሲያስጮህ፣ ኮምባይነሩ ሲዘግም፣ አምስቱ ደቂቃ እዚያው መንገድ ላይ አለቀ።

ክፍሉ ድሮ የዘር መጋዘን ነበር ይባላል። ዘሩ የታሸበት መድኃኒት ሽታ ከሲሚንቶው አልለቀቀም። ቆርቆሮው በቀን ይግላል፤ ወለሉ በቀንም አይሞቅም። አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ነበሩ፤ እኔ ሃያኛው። ቀበቶዬንና የጫማዬን ክር በር ላይ ስለወሰዱብኝ፣ ሱሪዬን በግራ እጄ ይዤ በቀኝ እጄ ሰላም አልኳቸው።

«ስንቅህን ማን ያመጣል?» አለኝ ካቦው።

ካቦ ማለት እስረኞቹ መርጠውት ክፍሉን የሚያስተዳድር እስረኛ ነው። የኛው ካቦ ከስልጤ አገር መጥቶ ሮቤ ገበያ ጫማ የሚሸጥ፣ ድምፁ ለክፍሉ የሚበዛ ሰው ነበር። ስልኩ ውስጥ በተገኘ ቪዲዮ ነው የገባው።

«መንግሥት አያበላም እንዴ?» አልኩት።

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። «ወላሂ ለዚህ ቀልድ ብቻ ፍራሽ ይገባዋል» አለ ካቦው። ከዚያ ጣቱን እየቆጠረ ጀመረ። «ሚስት?»

«የለኝም።»

«እናት?»

«አርፋለች።»

«ወንድም፣ እህት?»

«አዲስ አበባ።»

«እድር?»

«የለኝም።»

«ማኅበር?»

«አልወድም።»

«አንገትህ ላይ ማተብ አያለሁ። ክርስቲያን ነህ አይደል? ቤተ ክርስቲያንህ የት ነው?»

«ቤቴ ነው የምጸልየው» አልኩ።

ካቦው ጣቱን መቁጠር አቆመ። «ያ ረቢ! ይሄ ሰውዬ ሲሞት ማን ነው የሚቀብረው? ማዘጋጃ ቤት?»

«መጻሕፍቱ ይቀብሩታል» አለ ከጥግ አንዱ፤ ጎባ የሚያውቀኝ ሰው መሆን አለበት።

ይህ ጥያቄ ሃያ ዓመት ሲያናድደኝ የኖረ ነው። ለእናቴ፣ ለጎረቤቶቼ፣ ለሥራ ባልደረቦቼ በየተራ መልሼላቸዋለሁ። እምነት አለኝ፤ በጠዋት ተነሥቼ እጸልያለሁ፤ በከተማው ውስጥ የአባቶችን ትርጓሜ ከእኔ ይበልጥ ያነበበ ካህን ቢኖር ጥቂት ነው። ያልቻልኩት ቤተ ክርስቲያን የሚባለውን ሕዝብ ነው። የሰበካ ጉባኤው ስለ ድምፅ ማጉያው ስምንት ወር ሲጣላ አይቻለሁ። ሰባኪው አንዱን ሐሳብ አራት ጊዜ ይደግመዋል። ቅዳሴው መሐል ሁልጊዜ ከፊቴ ቆሞ ጉሮሮውን የሚጠርግ አንድ ሰውዬ ነበር፤ ስለ እሱ ብቻ መጽሐፍ መጻፍ ይቻላል። ስለዚህ ወጣሁ፤ መውጣቴንም ጻፍኩት። በጣም የምኮራበት ዓረፍተ ነገር ነበረኝ፤ «አማኝ ነኝ፤ አባል አይደለሁም።» ብዙ ሰው ወዶታል።

ካቦው ግን ዓረፍተ ነገሩን አላነበበውም። ከሰሉን አንሥቶ ግድግዳውን ትንሽ አየና መልሶ አስቀመጠው። የሚጽፍበት ቀን አጣልኝ።

በስምንት ሰዓት ገደማ በሩ ላይ ያለው ፖሊስ ስም እየጠራ ሰሐን ማቀበል ጀመረ። ከውጭ የሚኒባስ ረዳቶች «ጎባ! ጎባ! ጎባ!» እያሉ ሲጣሩ ይሰማል፤ አሥራ አምስት ደቂቃ የማይሞላ መንገድ የሌላ አገር ስም መሰለኝ። ስም ሲጠራ ላለመስማት ግድግዳውን እንደገና አነበብኩት።

«ና ብላ» አለኝ አንድ ድምፅ።

በመስኮቱ ሥር የተቀመጠ ሽማግሌ ነበር። አወቅኩት፤ ጎባ ገበያ አጠገብ አርባ ዓመት ልብስ የሰፋ ሰው ነው። እጁ በየጊዜው ወደ አንገቱ ይሄዳል፤ ሜትሩን ፍለጋ። ሚስቱ በሚኒባስ ያመጣችለትን ሽሮ ሰሐኑን ሳይከፍት ነው ለሁለት እንዲሆን የወሰነው፤ ሲከፍተው እንጀራውን መሐል ላይ በጣቱ አሰመረበት።

«አልራበኝም አባቴ» አልኩ።

«መራብህን መች ጠየቅኩህ? ና ብላ ነው ያልኩህ።»

ሄጄ በላሁ። እየበላሁ ሳለ ወገቤን አየት አደረገ። «ይሄ ሱሪ የእኔ ስፌት ነው።»

«አዎ፤ ባለፈው ዓመት አጥብበውልኝ ነበር።»

«አሁንም ይሰፋሃል። አንድ ሱሪ ስንት ጊዜ ይጠብባል?» አለና ቀጠለ። ለምን እንደታሰረ ስጠይቀው ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ ይመስል ነበር። የሚካኤል የጽዋ ማኅበር አላቸው፤ አሥራ አንድ ሆነው በየወሩ በአሥራ ሁለት በየተራ በአንዳቸው ቤት ይሰበሰባሉ፤ የአጥቢያው ቄስ ይባርኩላቸዋል፤ ዳቦ ይቆርሳሉ፤ ጠላ ይጠጣሉ፤ የሚቀጥለው ባለ ተራ ጽዋውን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይወስዳል። የዚህ ወር ተራ የእሱ ነበር። ፖሊሶች ሲመጡ ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ቤቱ ተቀምጧል።

«ስብሰባ ታደርጋላችሁ አሉኝ። እናደርጋለን አልኩ። የሌሎቹን የአሥሩን ስም አምጣ አሉኝ። አላመጣም አልኩ። ይኸው ሳምንቴ» አለ። ከዚያ ሰሐኑን በእንጀራ ጠርጎ፣ «ነገ አሥራ ሁለት ነው» ሲል ጨመረ፤ እስከዚያ ድረስ ከተናገረው ሁሉ ያዘነው እዚህ ላይ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ።

ንጹሕ ልብስ የለበሰ፣ ጠረጴዛው ላይ አንድ የተረሳ ወረቀት እንኳ የሌለው ወጣት ነበር። አንቱ እያለ ነው ያናገረኝ። «መምህር፣ እኔ ጽሑፍዎን እከታተላለሁ» አለኝ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደ እሱ የሚያስፈራ አንባቢ አልገጠመኝም። ስለ ማዳበሪያው ይጠይቀኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ከመሳቢያው ያወጣው ግን ሌላ ጽሑፌን ነበር፤ ከሁለት ወር በፊት ለሳቅ ብዬ የጻፍኩትን «የወር ፓርላማ» የሚለውን። በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል። ጮክ ብሎ አነበበልኝ።

«"የከተማችን እውነተኛ ምክር ቤት በወር አንድ ቀን፣ በአሥራ ሁለት፣ ጠላ ከቦ ይሰበሰባል። ሚኒስትር ይሾማል፤ ሚኒስትር ይሽራል። አፈ ጉባኤው መቀስ ይዞ የሚውል ሽማግሌ ነው።" ይሄ ሽማግሌ ማን ነው?»

ስም አልጠራሁም ነበር። በዚህ ጥንቃቄዬ ሁልጊዜ እኮራለሁ። በጎባ ስም አለመጥራት አድራሻ መስጠት መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት።

«ቀልድ ነው» አልኩ።

«ገብቶኛል። ቀልዱ እውነት ነው ወይስ ውሸት?»

ሃያ ዓመት ስጽፍ እንዲህ ያለ ከባድ ጥያቄ የጠየቀኝ ሃያሲ የለም። እሱ በትሕትና ረዳኝ። «ውሸት ከሆነ የሐሰት መረጃ አሰራጭተዋል ማለት ነው። እውነት ከሆነ ደግሞ ይፈርሙልኛል።» አንድ ገጽ የተተየበ ወረቀት ገፋልኝ። ማኅበሩ በሃይማኖት ሽፋን የፖለቲካ ስብሰባ እንደሚያካሂድ አውቃለሁ፤ ሰብሳቢውም ልብስ ሰፊው ነው ይላል። ከሥሩ የእኔ ስም አለ።

«ለምን እኔ?» አልኩት።

«ገለልተኛ ስለሆኑ ነዋ! ራስዎ ጽፈዋል፤ "አማኝ ነኝ፤ አባል አይደለሁም" ብለው። ከዚህ የተሻለ ምስክር ከየት ይገኛል? ይፈርሙና ምሳዎን ጎባ ይብሉ።»

በግራ እጄ ሱሪዬን ይዤ ዓረፍተ ነገሬን አየሁት። የራስን ጥሩ ዓረፍተ ነገር በሌላ ሰው አፍ መስማት ለጸሐፊ ደስታ ነው ይባላል። የሚሉት ሰዎች ይህን ቢሮ አላዩትም።

ወዲያው እምቢ አልኩ ብል ደስ ይለኝ ነበር። ያልኩት ግን «እስከ ከሰዓት ላስብበት» ነው። ወደ ክፍሉ ስመለስም ያሰብኩት እውነቱን ለመናገር ስለ መፈረም ነበር። እኔ ባልፈርም ሌላ ይፈርማል አልኩ። ሽማግሌውን ያለዚያም አስረውታል አልኩ። ጽሑፉን እንደሆነ ጽፌዋለሁ፤ አሁን ስሜን ብጨምርበት ምን ይቀየራል አልኩ። ብዙ ያነበበ ሰው ለፈሪነቱ ማስረጃ አያጣም።

ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሥራ ተጀምሯል። የልብስ ሰፊው ሚስት በኮባ ቅጠል የተጋገረ ዳቦ ልካ ነበር። ፖሊሱ በር ላይ ለፍተሻ ብሎ አራት ቦታ ቆርጦታል። ሽማግሌው ቁራጮቹን በንጹሕ ፎጣ ላይ መልሶ እየገጣጠመ፣ «ቄስ ሳይባርከው ፖሊስ ቆረሰው» ይላል። ካቦው የራሱን ጆግ በሳሙና ሦስት ጊዜ አጥቦ ውኃ ሞላለት፤ ከዚያ የእምነት ወንድሞቹን ሰብስቦ ወደ ወዲያኛው ግድግዳ አዞራቸው።

«እኛ ፊታችንን አዙረናል አባባ፤ በነጻነት ቀጥሉ» አለ። «ዳቦው ጋ ስትደርሱ ብቻ ንገሩን።»

ክርስቲያኖቹ ሰባት እንሆናለን። ከኋላ ልቆም ስል ሽማግሌው በእጁ ወደ ፊት ጠራኝ። ከዚያ ጉልበቱን ይዞ ቀስ ብሎ ተነሣ።

«ቄስ ስለሌለ ይሄን ጽዋ አልለውም። ዝክር ነው» አለ። «ሥርዓቱ ግን ያው ነው። ቂም ይዞ ዳቦ አይቆረስም። እዚህ ክፍል ውስጥ የተቀየምኩት ሰው አለ።»

ሁሉም ወደ ካቦው ጀርባ ዞረ። ካቦው ሳይዞር፣ «ስለ ብርድ ልብሱ ከሆነ ትናንት መልሼዋለሁ!» አለ።

«አንተን አይደለም። መምህሩን ነው።»

«እኔን?»

«ያንን የፓርላማ ጽሑፍህን መርማሪው ለእኔም አሳይቶኛል። በገባሁ በሁለተኛው ቀን።»

አሰላሁት። በገባ በሁለተኛው ቀን ማለት እኔ ከመምጣቴ አምስት ቀን በፊት ነው። ሽሮውን በጣቱ ለሁለት ሲያሰምር ያውቅ ነበር። ስለ ሱሪዬ ሲያወራኝም ያውቅ ነበር።

«ቀልድ ነበር» አልኩ፤ በአንድ ቀን ሁለተኛ ጊዜ።

«ቀልድ መሆኑ ጠፍቶኝ መሰለህ? ሲወጣ የልጅ ልጄ በስልኳ አንብባልኝ ሆዴን ይዤ ስቄአለሁ። ሚስቴ እስካሁን "አፈ ጉባኤ" እያለች ነው የምትጠራኝ። ደግሞ ስለ ሐሜታችን አላጋነንክም፤ እናማለን። ሚኒስትርም እንሽራለን።»

«ታዲያ ምኑ ነው የከፋዎት?»

«ውጭ ቆመህ መወርወርህ ነው» አለ። «የተጠመቅከው እዚያው አጥቢያ ነው፤ አባትህም እናትህም እዚያው ነው የተቀበሩት። መጥተህ ከእኛ ጋር ተቀምጠህ ፊት ለፊት ብትለኝ ኖሮ፣ እኔ ደግሞ ሱሪህን አሳጥሬ አስቂኝ አደርግህ ነበር፤ ዳቦ በልተን እናበቃ ነበር። ቤት ውስጥ የተባለ ነገር ቤት ውስጥ ይበርዳል። ውጭ የተወረወረ ድንጋይ ግን የማንም ነው፤ ያለፈ ያገደመ ያነሳዋል። ይኸው አነሱት።»

መከራከር ልማዴ ነው፤ እዚያም አልተወኝም። «ውስጥ ያለ ሰው በነጻነት አይጽፍም» አልኩ። «ቤተ ክርስቲያን እኮ ወዳጅነት አይደለችም። እምነት በሰውና በፈጣሪ መካከል ነው። ብቻዬን ስጸልይ እግዚአብሔር አይሰማኝም?»

«ይሰማሃል እንጂ! እሱ መች አቃተው?» አለ፤ የተሳሳተ ልክ ያመጣ ደንበኛ እንደሚያይ አየኝ። «ብቻህን መጸለይስ ትችላለህ። ዲያቆኑ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ሲል ግን አንተ ቤትህ ለማን ጎንበስ ትላለህ? ለቁም ሳጥኑ?»

ካቦው ጀርባውን እንደሰጠ ትከሻው በሳቅ ተንቀጠቀጠ። የእምነት ወንድሞቹም አልቻሉም።

በሕይወቴ ብዙ ክርክር ተሸንፌአለሁ፤ ሁልጊዜ ግን መልሱን ቤቴ ገብቼ አገኘዋለሁ። «ለቁም ሳጥኑ?» ላለው ግን እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም።

«ይቅር በሉኝ» አልኩ።

«እንደዚያ አይደለም።»

«ታዲያ እንዴት ነው?» ተናድጄ ነበር። ይቅርታ ስጠይቅ እንኳ የሚያርመኝ ሰው ፊት ቆሜአለሁ።

«ጎንበስ በልና "ስለ ሚካኤል ይቅር በሉኝ" በል። እኔ "እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ" እላለሁ። ከዚያ እኔ ጎንበስ እላለሁ፤ አንተ ትለኛለህ።»

«እርስዎ ለምን?»

«አምስት ቀን ሙሉ በሆዴ ስሰድብህ ነው የከረምኩት። በጣም መጥፎ ስድብ ነው።»

ሱሪዬን ይዤ ጎንበስ አልኩ። እሱም ወገቡን ይዞ ጎንበስ አለ። የተባባልነውን ቀሪዎቹ አምስት ሰዎች «ይቅር ይበለን» ብለው ዘጉት። አባታችን ሆይ አልን። ዳቦውን ቆረሰና ከሁሉ በፊት ለእኔ ሰጠኝ፤ እንግዳ ስለሆንኩ ነው አለ። «ዳቦው ጋ ደርሰናል!» ሲባል ወዲያኛው ግድግዳ በአንድ ጊዜ ዞረ። ኮባው የሸተተው ዳቦ ከመጋዘኑ መድኃኒት ጋር ተቀላቅሎ አፌ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ቆየ።

ዳቦውን ስጨርስ ነው ስለሚፈረመው ወረቀት ለሽማግሌው የነገርኩት። ያለውን ሁሉ ነገርኩት፤ ጎባ ምሳ እንደምበላም ጭምር። አትፈርም አላለኝም። ፍርፋሪውን ከፎጣው ላይ ለቀመ።

«ሱሪህን ይዘህ ግን መርማሪ ፊት አትቁም» አለኝ። «ና ወዲህ።»

የሱሪዬን ወገብ ሁለት ቦታ አጠፈው። ከፎጣው ጠርዝ ቀጭን ክር ቀዶ በመታጠፊያው መሐል አሳልፎ አሰረልኝ። መርፌ አልነበረውም፤ ሥራው ግን የእሱ ነበር። «አሁን ሁለት እጅ አለህ» አለ።

በዘጠኝ ሰዓት ለመርማሪው የተተየበውን ወረቀት መለስኩለት። «የራሴን ቃል ራሴ እጽፋለሁ» አልኩት። ባዶ ቅጽ ሰጠኝ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ። ጽሑፉ ቀልድ መሆኑን፤ ሰዎቹ የሚሰበሰቡት ለጽዋ መሆኑን፤ ሲበሉ ግን እንደማንኛውም የአገሩ ሰው መንግሥትን እንደሚያሙ ጻፍኩ። የራስን ቀልድ ቁጭ ብሎ ለፖሊስ እንደ ማብራራት ያለ ቅጣት ለጸሐፊ የለም፤ ይህን ቅጣት በገዛ እጄ ፈጸምኩት። ከሥር የታተመ ጥያቄ አለ፤ «ከተጠቀሰው ቡድን ጋር ያለዎት ግንኙነት» ይላል። «አባል» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

መርማሪው አነበበው። «ጠዋት አባል አልነበሩም» አለ።

«ጠዋት አልነበርኩም።»

«መቼ ሆኑ?»

«ከምሳ በፊት። እዚሁ፣ በእናንተ ግቢ።»

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እሱም እንደ እኔ የተሰላቸ መሰለኝ። «መምህር፣ አባል ከሆኑ እኮ ምስክር መሆን አይችሉም።»

«አልችልም።»

«አሥራ ሁለተኛ ተጠርጣሪ ነዎት።»

«ይመስለኛል።»

«እንግዲያው አባል ከሆኑ የሌሎቹን ስም ያውቃሉ።»

«ገና ዛሬ ነው የገባሁት» አልኩት። «አላስተዋወቁኝም።»

ቅጹን ወደ ጎን አደረገ። ከዚያ «የወር ፓርላማ»ን አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። «ያሳዝናል» አለ። «ጥሩ ጸሐፊ ነበሩ።»

ወረቀቴ ለማን ምን እንደጠቀመ አላውቅም። ልብስ ሰፊው ከሁለት ሳምንት በኋላ ተፈታ፤ ለምን እንደታሰረ እንዳልነገሩት ሁሉ ለምን እንደተፈታም አልነገሩትም። እኔ ከእሱ በኋላ ብዙ ቆየሁ። የማውቀው አንድ ነገር ቃሌን በሰጠሁ በሳልስቱ፣ ሰኞ ዕለት የሆነውን ነው። ከቀትር በኋላ ፖሊሱ ስም ሲጠራ እንደ ልማዴ ግድግዳውን ማንበብ ጀምሬ ነበር። የእኔን ስም ጠራ። አልተንቀሳቀስኩም፤ ሌላ ሰው የጠራ መሰለኝ።

«ባርሲሳ! ኮቱ፣ አንተን ነው!» አለ ካቦው እየጎተተኝ፤ በኦሮምኛ «መምህር፣ ና» ማለቱ ነው።

በሩ ላይ የማላውቃት ሴት ቆማለች፤ ቢጫ ምሳ ዕቃ ይዛለች። በጎባ ሚኒባስ መጥታ ሁለት ሰዓት ወረፋ እንደጠበቀች ከፊቷ ያስታውቃል። ከማኅበሩ ከአሥሩ አንዷ መሆኗን ያወቅኩት ከንግግሯ ነው።

«ጨው አብዝቼበታለሁ» አለችኝ። «ለጽሑፍህ ነው።»

እውነትም ጨው በዝቶበት ነበር። ጠርጌ በላሁት። ካቦው ከሰሉን አነሣና ከሰኞ ሥር፣ ከጫማ ተራው ቀጥሎ፣ «ባርሲሳ፣ ከጎባ» ብሎ ጻፈ።

ከተፈታሁ በኋላ ይህን የምጽፈው መለወጤን ለማሳመን አይደለም። በአጥቢያዬ መዝገብ ላይ ስሜ አለ፤ ሰባኪው አሁንም አንዱን ሐሳብ አራት ጊዜ ይደግማል። ድምፅ ማጉያው ተገዝቶ ተተክሏል፤ ያፏጫል፤ አሁን የሚጣሉት ስለ ማፏጨቱ ነው፤ እኔም በክርክሩ ውስጥ ወገን ይዤአለሁ። ጉሮሮውን የሚጠርገው ሰውዬ ዛሬም ከፊቴ ነው የሚቆመው። ባለፈው ወር ሁለት እሑድ ቀረ። ቅዳሴው ጸጥ ሲል ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ከቅዳሴ በኋላ ግን ቤቱን እያጠያየቅኩ ስሄድ ራሴን አገኘሁት። ታሞ ነበር። ሳየው፣ «አንተ ነህ እንዴ ሁልጊዜ ከኋላዬ የምትቃትተው?» አለኝ።

«አማኝ ነኝ፤ አባል አይደለሁም» አሁንም ጥሩ ዓረፍተ ነገር ይመስለኛል። ችግሩ ማንም መጥቶ ከሥሩ መፈረም መቻሉ ነው።

ካቦው አልፎ አልፎ ይደውልልኛል። ሮቤ ጫማውን ይሸጣል። «ባርሲሳ፣ አሁንስ ማን ይቀብርሃል?» ይለኛል። ዝርዝሩን እነግረዋለሁ፤ ረጅም ነው፤ ሳልጨርስ ይስቃል።

የዚህ ወር ተራ የእኔ ነው። ጽዋውን ተቀብዬ በነጭ ጨርቁ እንደተሸፈነ ቤቴ አምጥቼ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት፤ ከመጻሕፍቱ መሐል ቦታ አበጅቼለት። ልብስ ሰፊው ትናንት ሊያየው መጣ። የአንድ ልብስ ልክ እንደሚወስድ ቀረብ ብሎ፣ ራቅ ብሎ ተመለከተው።

«ተጨናንቋል» አለ።

«ከመጻሕፍት መሐል ከተቀመጠ ምን ይሆናል አባቴ? ክብር ነው እኮ።»

«ተጨናንቋል አልኩህ።»

ብዙ ተከራከርኩ። ሲሄድ ከጽዋው ግራና ቀኝ ሁለት መጻሕፍት አነሣሁ። ሁለት ብቻ።